የእማሆይ አሻራ

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ በላይ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወሰኔ ልጅ ለእፀገነት፣ ባለሽበት ዱባይ ይድረስሽ።

በስመ ሥላሴ። የአባቶችሽ አምላክ በሰው አገር ከደዌና ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከሐዘናችን በቀር አለን። ገብሱንም እስካሁን ውርጭ አልነካውም፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ድምፅሽን መስማት ስላልተቻለ ይህን ወረቀት ለሚኒባስ ሹፌሩ ለዮሴፍ ሰጥቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። አንቺ የምትመልሽውንም ኮምፒውተር ቤት አሳትሞ ያመጣልኛል፤ እኔ ለእናትሽ አነብላታለሁ።

የአባትሽ ተዝካር በዐርባ ቀኑ በሚገባ ወጥቷል። ካህናቱ ጠግበው መርቀዋል፤ ነፍሱን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ሃያ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ነገር ማንዛዛት አልለመድኩም።

እናትሽ ጌታነሽ ቆብ ልደፋ ብላለች። ከወንድሜ ጋር የተጋባችው በቁርባን መሆኑን ታውቂያለሽ። ለቁርባን ሚስት ባሏ ከሞተ በኋላ ያለው መንገድ ይኸው ነው፤ መንኩሳ፣ በጾም በጸሎት ዘመኗን መጨረስ። የመነኮሰ ሰው ደግሞ ለዓለም የሞተ ነውና ማሳም ከብትም አያስፈልገውም። በመሆኑም መሬቱ ከዘር እንዳይወጣ እኔ እንድረከበው ተስማምተናል። የመሬት ደብተሩ በአባትሽና በእናትሽ ስም ነው። የእሷን ግማሽ እሷ ቀርባ ታስተላልፍልኛለች። የአባትሽ ግማሽ ግን ብቸኛ ልጁ አንቺ ስለሆንሽ ያላንቺ አይሆንም። ስለዚህ እዚያ ካለው ቆንስላ ቀርበሽ ሙሉ ውክልና በስሜ ላኪልኝ። ብር አልጠየቅኩሽም፤ አንድ ፊርማ ነው። መቼም ሴት ልጅ ማሳ ቢኖራት በማን በሬ፣ በማን ሞፈር ልታርሰው ነው?

የእናትሽ ስልክ ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷልና በከንቱ አትድከሚ። ሐሳቡ የራሷ መሆኑን እንድታምኚ የጣቷን አሻራ ከታች አሳርፋለች።

ሰላመ እግዚአብሔር አይለይሽ።
አጎትሽ ቸሩ ለተሥላሴ፣ የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር

ዱባይ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ቸሩ፣

እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ የሀብታም ቤት መስኮት አያልቅም። ስለ አባዬ ተዝካር እግዚአብሔር ብድሩን ይክፈልዎት። አፈሩን ሳላለብሰው መቅረቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጋሼ፣ ባይቆጡኝ አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኔትወርኩም ጠፋ፣ ስልኩም ውሃ ገባበት። አንዱ ይበቃ አልነበረም? ደግሞ እማዬ ቆብ ማለቷን እንዴት ልመን? ጎረቤታችን ቆብ የደፋች ጊዜ «ገና አጥንት የምትግጥ ሴትዮ!» ብላ ሆዷን ይዛ ስትስቅ አጠገቧ ነበርኩ። በዓመት በዓል የበግ ጎድን ለብቻዋ ደብቃ የምታስቀምጥ ሴት፣ ባሏ በሞተ በሁለት ወሩ ሥጋ ይቅርብኝ አለች? ይሁን፣ ሐዘን ሰውን ይለውጣል። ግን ከአፏ ካልሰማሁት አይዋጥልኝም።

የመሬት ደብተሩስ አሁን የት ነው ያለው? አባዬ ከዳዊቱ ጋር ሳጥን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ከማተቧ ጋር በእማዬ አንገት ነበር። አሁንም እዚያው እንዳለ ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ስሄድ፣ መሐል ሜዳ መናኸሪያ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣ እማዬ በመስኮት እጄ ላይ ያስጨበጠችኝ ነገር ነበር። ምን ነበር? ማንም አላየም፤ አባዬም አላየ። እሷ ከነገረችዎት ይጻፉልኝ፤ ያኔ ቆንስላ እሄዳለሁ።

እግርዎን ስሜ፣
እፀገነት

ከመንዝ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017

ለእፀገነት ወሰኔ፣

መድኃኔዓለም ልብ ይስጥሽ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለሰነበተ መልሱ ዘገየ። ደብዳቤሽን አንብቤ አፌን ይዣለሁ። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ፣ ዛሬ ፈታኝ ሆና እንደ ሚኒስትሪ ተማሪ ጥያቄ ታወጣልኛለች! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ያሉት ለካ ወደው አይደለም። ለማንኛውም ጠይቄያታለሁ። እንዲህ ትልሻለች፦ «በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን የገብስ ቆሎ ነው የሰጠኋት፤ ልጄ እሱንም ረሳችው?» አሁን ረካሽ?

ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ሳጥኑን አይጥ ስለገባበት ወደ ቤቴ ወስጄዋለሁ። በዚህ ሰሞን የጋራ ሣር መሬታችን ጓሳ ተከፍቶ ሣር ሲታጨድ የእናትሽን ድርሻ እኔው አጭጄዋለሁ። የሷ ጣሪያ ዘንድሮን ስለሚከርም ሣሩን ለእኔ ቤት ክዳን አድርጌዋለሁ። ይህንንም የምጽፍልሽ ምንም የተደበቀ ነገር እንደሌለ እንድታውቂ ነው።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዚያ አገር የመጣች ልጅ ገበያ ላይ ስትናገር እንደተሰማው፣ አንቺን እዚያ ሳሌም ነው የሚሉሽ። የክርስቲያን ስም ለምን ተለወጠ? ማተብሽስ አንገትሽ ላይ አለ? ሃይማኖቱን የለወጠ ልጅ በአባቱ ርስት አይቆምም፤ ይህን እኔ አላወጣሁትም፣ መጽሐፉ ነው ያለው። ስለሆነም ከውክልናው ጋር እዚያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ማስረጃ፣ የፓስፖርትሽንም ኮፒ ጨምረሽ ላኪ።

እናትሽ ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በአባ መርስዔ ኃዘን እጅ ቆብ ትደፋለች። አሻራዋ ከታች አለ።

ቸሩ ለተሥላሴ

ዱባይ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017

ይድረስ ለጋሼ ቸሩ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈታዎ። ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ ይቅርታ፣ ሆዴ ስለነደደ ነው።

ቆሎ አይደለም። ቆሎማ መንገደኛ የምትሸኝ እናት ሁሉ የምትሰጠው ነው፤ እርስዎም ገምተው ነው የጻፉት። እማዬ ያስጨበጠችኝ የበግ መሸለቻ መቀሷን ነው። «ሰው ቤት ስትገቢ እጅሽ ባዶ አይሁን» ብላ። ዛሬ መጋረጃ የምቆርጠው በእሱ ነው፤ ይሄው ከጎኔ አለ። ስለዚህ ወይ አልጠየቋትም፣ ወይ እናቴ እንድትመልስ አልፈቀዱላትም። ወይም፣ እግዜር አይበለውና፣ አንድ ነገር ሆናለች። ሌሊት እነቃና እሷን አስባለሁ። ሙታ ደብቃችሁኝ ይሆን እላለሁ። ጋሼ፣ ሙታ ከሆነ ንገሩኝ እንጂ!

ሌላም አለ። ዮሴፍ የላከውን ፎቶ ስልኬ ላይ አጉልቼ አየሁት። የእማዬን ቀኝ አውራ ጣት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ማጭድ ቆርጦታል፤ ጠባሳው ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። እናንተ የላካችሁት አሻራ አንድም ጭረት የለበትም፤ ደግሞም ሰፊ ነው። የማን አውራ ጣት ነው ጋሼ?

ሳሌም ላሉት፣ አዎ። አሠሪዬ እፀገነት ማለት አልሆንላት ብሎ ነው። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ሻርጃ ሄጄ አድሬ ነው የማስቀድሰው። ግን ማስረጃ አልልክም። አባዬ የወለደኝ ለመሆኑ ማስረጃ ጠይቃችሁ አታውቁም፤ ዛሬ በማሳ ሰዓት ሃይማኖቴ ትዝ አላችሁ? አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እናንተ የእማዬን ሳጥን ከነደብተሩ ወሰዳችሁ፣ ሣሯን አጨዳችሁ፣ አሁን የቀረቻችሁ እሷው ራሷ ናት።

ውክልና የለም። እናቴን በድምፅ እስካልሰማኋት ድረስ የለም።

እፀገነት

ከመንዝ፣ ጥር 27 ቀን 2017

ለእፀገነት፣

እንኳን ለአስተርእዮ ማርያም አደረሰሽ። ስድብሽን ለእመቤታችን ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ። አሻራው ቀለም ስለፈሰሰበት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። የቆሎውንም ነገር እናትሽ ያለችኝን ነው የጻፍኩት፤ እኔ በመስቀሉ እምላለሁ።

ይልቅ የምሥራች ስሚ። ጥር 21 ቀን እናትሽ መንኩሳለች። ስሟም እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ተብሏል። እንዴት ያለ ቀን ነበር! መሬት ላይ ተጋደመች፤ ነጭ ጨርቅ ከራስ እስከ እግሯ ለበሰች። አባ መርስዔ ኃዘን እንደ ሬሳ ፍትሐት አነበቡላት። እኔም ደወሉን አስደወልኩ። ሴቶቹ ተላቀሱ፣ እኔም ራሴ አለቀስኩ። አባ «ለዓለም ሞተሻል፣ ዓለምም ለአንቺ ሞታለች» አሏት። አሜን አለች። አባ ለፋሲካ ትቆይ ብለው ነበር፤ እኔ ግን ለመልካም ነገር ምን መቆየት አለ ብዬ አስፈጠንኩት።

እንግዲህ እናትሽ ከዚህ ዓለም ድርሻ የላትም። በመጪው ሳምንት መሐል ሜዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ወስጃት የእሷን ግማሽ ታስተላልፍልኛለች፤ የአባትሽንም ግማሽ አብረን እንጨርሰዋለን፣ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰው አለኝ። ስለዚህ ውክልናሽም ማስረጃሽም አያስፈልገኝም። ከአንቺ የምፈልገው ዝምታ ብቻ ነው። ዝም ካልሽ ስትመጪ ቤቴ ቤትሽ ነው።

ቸሩ ለተሥላሴ

ዱባይ፣ የካቲት 12 ቀን 2017

ጋሼ ቸሩ፣

ደብዳቤዎን መጋረጃ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው መሀል ቆሜ ነው ያነበብኩት። አለቀስኩ። አረቧ አሠሪዬ ማን ሞተብሽ አለችኝ፤ እናቴ አልኳት። መቼ አለችኝ፤ ጥር ሃያ አንድ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? በቁሟ ፈታችኋት።

ወድዳ ነው? አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ቆቡን ስትደፋ ፊቷ ምን ይመስል ነበር? ስሜን ጠርታ ነበር? ከሳምንት እስከ ሳምንት ይሄው ብቻ ነው የሚያብሰለስለኝ። ሌላው ሁሉ ደከመኝ። እልህም ደከመኝ። ማሳ ምን ያደርግልኛል? ለማሳ ብዬ ስከራከር እናቴን አጣሁ።

ድምፅዋን ያሰሙኝ። ዮሴፍ ደብረ ብርሃን ይውሰዳትና ከዚያ ትደውልልኝ። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል። ድምፅዋን ከሰማሁ ውክልናውን እፈርማለሁ፤ በአባዬ አጥንት።

እፀገነት

ከመንዝ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017

ለእፀገነት፣

ጤና ይስጥልኝ። ያልሽው ይሆናል። እናትሽን ከፋሲካ በኋላ ደብረ ብርሃን ወስጄ አስደውልልሻለሁ። አንቺ ግን ውክልናውን አስቀድመሽ ላኪ። ጉዳዩ ጊዜ አይሰጥም። ዝም በይ ያልኩሽን ተይው።

መሬት ጽሕፈት ቤቱ ትንሽ ጣጣ አበዛ። እናትሽም ቆብ ከደፋች ወዲህ ምን እንደነካት እንጃ፣ ግትር ሆናለች። የዓለም ነገር አይመለከተኝም ትላለች፤ እኔንም ስታይ ዳዊቷን ትገልጣለች፣ ማንበብ ሳትችል። ስለዚህ የአባትሽ ግማሽ ቢያንስ እንዳይበላሽ፣ በአስቸኳይ።

ቸሩ

ዱባይ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017

ጋሼ ቸሩ፣

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሳችሁ። ሰላምታዎ እንዲህ አጥሮ አይቼው አላውቅም። በስመ ሥላሴውስ የት ገባ? ጥርጣሬዬ አልሞተም ጋሼ፣ ግን እኔ ደክሜያለሁ። ቆንስላው ለሚያዝያ 27 ቀጠሮ ሰጥቶኛል። እስከዚያ ድምፅዋን ካሰማችሁኝ እፈርማለሁ። ባታሰሙኝም፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳልፈርም የምመለስ አይመስለኝም። ከፈረምኩ ቢያንስ አያስጨንቋትም እላለሁ።

እፀገነት

ከመሐል ሜዳ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017

እፀገነት ልጄ፣ የሆዴ ፍሬ፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እኔ እናትሽ ነኝ፤ አለሁ። እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ መምህርት አመተሥላሴ ናት፣ እዚህ ትምህርት ቤት የምታስተምረዋ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ ብያታለሁ። ስድብም ካመለጠኝ ስድቡን ጻፊ ብያታለሁ።

ሰሞኑን የጻፍሽውን ዮሴፍ ለቸሩ ከመስጠቱ በፊት ለእሷ አሳያት፤ ነፍሱን ይባርከውና። ልጁ በጥቅምት ያየው ነገር ነበር። ቸሩ ሚኒባሱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ሲጫን በስፖኪዮው አይቶታል። በሰው ጉዳይ አልገባም ብሎ ዝም አለ። አሁን ግን «ልጅቷ ልትፈርም ነው» ብሎ እያለከለከ መጣ። በዚያው ቀን አመተሥላሴ ቤቴ ድረስ መጥታ፣ የጻፍሽውን ሁሉ ከመጀመሪያው አነበበችልኝ፤ ዮሴፍ ስልኩ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። አነበበችና ሁለታችንም ተላቀስን። ለካ አንቺ ይህን ሁሉ ብለሻል! ቸሩማ «ልጅሽ እሺ ብላለች፣ እናቴ ትመንኩስ፣ መሬቱንም ውሰዱት ብላለች» እያለ ነበር የሚያነብልኝ። አንቺንም ጠረጠርኩሽ፣ ምን ልደብቅሽ። ልጄ በሰው አገር ሸጠችኝ ብዬ ማድጋ ተሸክሜ ጅረቱ ዳር ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ።

አንድ ቀን ግን መጥቶ «ስትሄድ ምን አስጨበጥሻት?» አለኝ። ልቤ መለስ አለ። የተስማማ ሰው አይፈትንም። ልጄ ጠርጥራለች፣ ጨክና አልተወችኝም አልኩ። ቆሎ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቸሩ በዚህስ አልዋሸም። መቀሱን ረስቼው መሰለሽ? መቀስ ብል ኖሮ ደብዳቤው ሁሉ የእኔ መስሎሽ ቆንስላ ትሄጂ ነበር። ውሸቱን በገዛ እጁ አስጻፍኩት።

ቆቡን ወድጄ ነው ወይ ላልሽው፣ አልወደድኩትም። ሦስት ወር አስጨነቁኝ። ቸሩ በየቀኑ ይመጣል። «የቁርባን ሚስት ያለ ቆብ ብትቀመጥ ወንድሜን ታሰድበዋለች» ይላል። ንስሐ አባቴን ሳይቀር ላከብኝ። ሴቶቹም በማኅበር «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሌላ ባል አማረሽ?» አሉኝ። ስልኬን ወሰደ፣ ሳጥኔን ወሰደ፣ ማን ጋ ሄጄ ልጩኽ? አንድ ሌሊት ተገላብጬ አሰብኩት። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ሬሳ ነው፤ እንግዲያው ሬሳ ልሁንላቸው አልኩ። በማግስቱ እሺ አልኩት። ደስታው ልክ አልነበረውም። አሻራዬን አስቀድሞ ማስፈረም ትዝም አላለው፤ ቆቡ ካለ ሁሉ ያለ መሰለው።

ፍትሐቱ ሲነበብ ግን ልጄ፣ ጨርቁ ፊቴ ላይ ሲወድቅ እውነትም የሞትኩ መሰለኝ። አባትሽን ስቀብር ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ስምሽን ጠርቼአለሁ፣ በውስጤ።

በየካቲት መሬት ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ። ደብተሬን በብብቱ ይዟል፣ ያን የካኪ ኮቱን ለብሷል። አንዲት ቀጭን ልጅ ወረቀቱን ዘረጋችና «እማሆይ፣ አውራ ጣትዎን ይስጡኝ» አለችኝ። እጄን ከነጠላዬ አላወጣሁም።

«ልጄ፣ እኔ ሬሳ ነኝ» አልኳት። «ጥር ሃያ አንድ ቀን ፍትሐት ተነቦልኛል፣ ደወል ተደውሎልኛል። አቶ ቸሩ ራሱ አልቅሶልኛል። ሬሳ ሲፈርም የት አየሽ?»

ቸሩ ጮኸ። «የምን ቀልድ ነው! ፈርሚ ብያለሁ!» አለ። ልጅቷ አስገድደው አያስፈርሙም ብትለው በሩን ደርግሞ ወጣ፤ እንዲያዙኝ ብሎ አባ መርስዔ ኃዘንን ይዟቸው መጣ። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙት፣ ሰሙትና፣ «ቸሩ፣ ለዓለም ሞታለች ብለን የፈታናትን ነፍስ ለማሳ ብለን ከመቃብር አናወጣትም። ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ ስትለኝ ያኔውኑ ልጠረጥርህ ይገባኝ ነበር» አሉት። መጽሐፉን እሱ አመጣው፣ በመጽሐፉ ተያዘ። እሾህን በእሾህ ማለት ይሄው ነው።

ልጅቷም ቀና ብላ፣ «በእኛ መዝገብ እማሆይ በሕይወት አሉ፤ በሕይወት ካሉ መሬቱ የእሳቸው ነው። ሞተዋል ካላችሁም የሞተ ሰው ወራሽ አለው። ልጅ አለዎት?» አለችኝ። «አለችኝ እንጂ! ዱባይ መጋረጃ ትሰፋለች» አልኳት። «እንግዲያው የአቶ ቸሩ ስም በየት በኩል ይገባል?» አለችና ደብተሬን ከእጁ ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ሳጥኑንም አባ ልከው አስመለሱልኝ፤ ደብተሩ አሁን እዚያው ውስጥ ነው፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ።

ያን ቀን ነው ቸሩ ሰላምታ የጠፋበት። የቀረችው አንቺ ብቻ ነሽ። ያንቺ ውክልና ከደረሰው የአባትሽን ግማሽ ይዞ፣ በግማሹ በኩል እየገፋ፣ እኔንም ከቤቴ ያስወጣኛል። ለዚህ ነው ጊዜ አይሰጥም የሚልሽ። እንዳትፈርሚ። ለእኔ ብለሽም ቢሆን እንዳትፈርሚ። ድምፄን እስክትሰሚ ድረስ፣ ከቀጠሮሽ በፊት እንዲደርስሽ ዮሴፍ ይህን ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን ወርዶ ይልክልሻል።

ቆቡ እንደሆነ አይወልቅም። ራሴ ላይ ቀርቷል፤ ሥጋም ቀረ፣ ሠርግ ላይ መጨፈርም ቀረ። ፋሲካን በሽሮ ነው የፈታሁት፤ የጎረቤት በግ ሲጠበስ ሸተተኝና ቸሩን ረገምኩት፣ ኋላ ደግሞ ለንስሐ ሰገድኩ። ሰው ሁሉ እማሆይ ይለኛል። አንቺ እማዬ በይኝ። ከአንቺ ሌላ እንዲያ የሚለኝ የለም።

ሰኔ ላይ በጎቹ ይሸለታሉ፤ ከቻልሽ መቀሴን ይዘሽ ነይ። ካልቻልሽም ይሁን፣ እጅሽ ላይ ይቆይ። አመተሥላሴ ቀለሙን አምጥታልኛለች፣ ጣቴን ነከርኩ። ለቸሩ ሬሳ ነኝ፤ ለአንቺ ግን አልሞትኩም። ይኸው አሻራዬ፣ ጠባሳው መሀሉ ላይ አለልሽ።